ቅሪት ወይስ መራጭ? ነባሩ ልማድ በእስልምና ዘመን በማላይ ሥነ ጽሑፍ ላይ ስላደረገው ተጽዕኖ

የማላይን ሕዝብ ባህልና ሥነ ጽሑፍ የመረመሩ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ጥያቄ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማሙም። ጥያቄውም የእስልምና ሃይማኖት ወደ ማላዮች አገር ከገባ በኋላ አስቀድሞ የነበረው ልማድ፣ ተረትና ሥርዓት ምን ሆነ የሚል ነው። ፈጽሞ ጠፋ? ተሸሽጎ ቀረ? ወይስ የመጣውን እንግዳ በራሱ ቤት ሥርዓት አስተናገደው? እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ አንሥተን፣ ዋና ዋናዎቹን የማላይ ድርሰቶች ለምስክርነት በመጥራት፣ የሊቃውንቱ አስተያየት እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ለመመርመር አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ስለ ሁለቱ አስተያየቶች

የመጀመሪያው አስተያየት የእንግሊዛዊው የሪቻርድ ዊንስቴት ነው። ዊንስቴት በብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በማላያ በሹመት ለረዥም ጊዜ ያገለገሉና ስለ ማላዮች ብዙ መጻሕፍት የጻፉ ሰው ናቸው። በ1925 ስለ ማላይ ባለ መድኃኒቶችና አስማተኞች ባሳተሙት መጽሐፍ አንዱን አስማተኛ እንደ ሦስት ሰው ይመለከቱታል፤ ይኸውም የጥንት መንፈስ ጠሪ፣ የሺቫ አምላኪና የሱፊ መንገድ ተከታይ ነው ይላሉ። በ1940 ባወጡት የማላይ ሥነ ጽሑፍ ታሪክም ድርሰቶቹን በዚሁ አኳኋን እንደ ንብርብር ይደረድሯቸዋል፤ በመጀመሪያ የሕዝብ ተረት፣ ቀጥሎ ከሕንድ የመጣው፣ ከዚያም ከሂንዱ ወደ እስልምና መሸጋገሪያ የሆነው፣ በመጨረሻም የእስልምናው ክፍል ይመጣል። በዚህ አስተያየት መሠረት ነባሩ ልማድ ቅሪት ነው፤ ማለትም ከላይ ያለውን ልጣጭ ስናነሣ ከሥር የሚገኝ ነገር ነው።

ሁለተኛው አስተያየት የሰይድ መሐመድ ናቂብ አል አጣስ ነው። እኚህ ሊቅ በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍና በ1972 በማሌዥያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በሰጡት ትምህርት የቅኝ ገዢዎቹን ሊቃውንት አጥብቀው ይነቅፋሉ። በእርሳቸው ሐሳብ የሂንዱው ሥልጣኔ የነገሥታቱን ግቢ አስጌጠ እንጂ የሕዝቡን አእምሮ አልለወጠም፤ የማላዮችን የዓለም አስተያየት ከመሠረቱ የለወጠው፣ ቋንቋቸውንም የማሰቢያና የመመራመሪያ ቋንቋ ያደረገው እስልምና ነው። እንግዲህ ለዊንስቴት እስልምና በላይ ያለ ስስ ልባስ ሲሆን፣ ለአል አጣስ ግን ቤቱን አፍርሶ እንደ ገና የሠራ ግንበኛ ነው።

ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁለቱም ነባሩን ልማድ የሚመለከቱት ሥራ እንደማይሠራ ነገር ነው። አንደኛው ከሥር ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ከጌጥ ይቆጥረዋል። እኛ ግን ድርሰቶቹን ስንመለከት ነባሩ ልማድ ከሥር የተኛ አይመስለንም። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን የሚመርጥ፣ የገባውንም በየስፍራው የሚያስቀምጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ አነጋገራችን ትክክል መሆን አለመሆኑን ቀጥሎ የምናቀርባቸው ምስክሮች ይፈርዳሉ።

አስቀድመን ግን «ነባር» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መግለጽ ይገባናል። ማላዮች ከሕንድ ሥልጣኔ ጋር የተዋወቁት ከእስልምና ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ነው። በሱማትራና በባንካ ደሴት የተገኙት የስሪቪጃያ መንግሥት የድንጋይ ጽሑፎች ከ682 እስከ 686 ባሉት ዓመታት የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ቋንቋቸው ጥንታዊ ማላይኛ፣ ፊደላቸው ግን ከደቡብ ሕንድ የመጣ ነው። ማላዮች ከሕንድ የንጉሥ ማዕረግን፣ ተረትንና ፊደልን ሲወስዱ የዘር መደብን ሥርዓት ግን እንደ ሕንዶች አላቋቋሙም። ይህም መምረጥ የጀመሩት ከእስልምና ጋር ሳይሆን ከዚያ በፊት መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ ነባር የምንለው እስልምና ሲመጣ በአገሩ ተዋህዶ ያገኘውን ሁሉ ነው።

2. የቃላት ምስክርነት

በመጀመሪያ የምንጠራው ምስክር ቋንቋው ራሱ ነው። አንድ ሕዝብ አዲስ ሃይማኖት ሲቀበል ዋና ዋና የሆኑትን ነገሮች በምን ስም እንደጠራቸው መመልከት ብዙ ያስተምራል። የማላይ ሙስሊም ስግደቱን «ሰምባህያንግ» ይለዋል፤ ይህም «ሰምባህ» ከሚለው እጅ መንሣት ማለት ከሆነው ቃልና «ህያንግ» ከሚለው የጥንት አማልክት ስም የተገጣጠመ ነው። ጾሙን «ፑዋሳ» ይለዋል፤ ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ነው። ገነት «ሹርጋ»፣ ገሃነም «ነራካ»፣ ኃጢአት «ዶሳ»፣ የበጎ ሥራ ዋጋ «ፓሃላ»፣ ሃይማኖት ራሱ «አጋማ» ይባላል፤ እነዚህም ሁሉ የሳንስክሪት ቃላት ናቸው። በሌላ በኩል ፍርድ «ሑኩም»፣ ታሪክ ወይም ትረካ «ሒካያት» ሲባል የዐረብኛ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ማላዮች የአባቶቻቸውን ልማድ የሚጠሩበት «አዳት» የሚለው ቃል ዐረብኛ መሆኑ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ዊንስቴት ትክክል ቢሆኑ የጥንቱ ቃላት በአስማተኛው ድግምትና በገጠር ተረት ብቻ ተወስነው በቀሩ ነበር። ነገር ግን የሃይማኖቱን ልብ ይዘው እናገኛቸዋለን። አል አጣስ ደግሞ እነዚህ ቃላት አሮጌ ትርጉማቸውን ጥለው አዲስ ትርጉም እንደለበሱ ይናገራሉ፤ በዚህ ረገድ እውነት አላቸው። ዛሬ «ሰምባህያንግ» ሲል የጥንቶቹን አማልክት የሚያስብ ሙስሊም የለም። ይሁን እንጂ ሰባኪዎቹ ዐረብኛውን ቃል በግድ ሳያስገቡ ነባሩን መጠቀማቸው፣ ሕዝቡ ስለ ስግደት፣ ስለ ጾምና ስለ ኃጢአት የራሱ የሆነ እውቀት እንደነበረው፣ አዲሱም ትምህርት በዚያ እውቀት ላይ ተደግፎ እንደተሰጠ ያስረዳል።

በተረንጋኑ ግዛት የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍም ይህንኑ ያጸናል። ይህ ድንጋይ ከእስልምና ሕግጋት ጋር በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ጥንታዊ የማላይኛ ጽሑፍ ሲሆን፣ የዓመቱ ቁጥር የሚገኝበት ቦታ ስለተሰበረ በሊቃውንት ዘንድ ክርክር ቢኖርም ብዙዎች 1303 ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በዚህ ድንጋይ ላይ ፈጣሪ «ደዋታ ሙልያ ራያ» በሚለው ከሳንስክሪት በመጣ ስም ተጠርቷል፤ ቅጣቱም እንደ ሰውየው ማዕረግ የሚለያይ የገንዘብ መቀጫ አለበት። ፊደሉ አዲስ፣ ሕጉ አዲስ፣ የፈጣሪ መጠሪያና የማዕረግ አከፋፈል ግን ነባር ነው። ይህን ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር ውስጥ እናስገባዋለን?

3. ስለ ራማ ታሪክ

የንብርብሩ አከፋፈል ይበልጥ የሚፈርሰው በሥነ ጽሑፉ ላይ ነው። «ሒካያት ሰሪ ራማ» የተባለው ድርሰት የሕንዱ የራማያና ታሪክ በማላይኛ የተተረከበት ነው። ዊንስቴት ከሂንዱው ዘመን ይመድቡታል። ነገር ግን ወደ እኛ የደረሱት የዚህ ድርሰት ቅጂዎች የተጻፉት «ጃዊ» በተባለው ከዐረብኛ በተወሰደው የማላይኛ ፊደል ነው። ከእነዚህም ጥንታዊ የሆነው በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ሊቀ ጳጳስ ላውድ በ1633 ያገኙት ነው። ማለትም ድርሰቱን የገለበጡት፣ የጠበቁትና ያነበቡት ሙስሊሞች ናቸው። ሙስሊም ጸሐፊ ባይገለብጠው ኖሮ የሂንዱው ዘመን ድርሰት ነው የምንለው መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን ባልኖረም ነበር።

ከዚህም በላይ ድርሰቱ እንዳለ አልተገለበጠም። በማላይኛው ውስጥ የክፉው ንጉሥ የራዋና ታሪክ እንዲህ ነው። ራዋና ወደ ሰረንዲብ ተራራ ተሰዶ ብዙ ዘመን ራሱን በመከራ ሲያስጨንቅ ነቢዩ አደም ያገኙታል፤ ስለ እርሱም ወደ አላህ ይለምኑለታል። አላህም በምድር፣ በሰማይ፣ በባሕርና ከምድር በታች ያለውን መንግሥት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን በትክክል እንዲፈርድ፣ ግፍ እንዳይሠራ ቃል ያስገባዋል። በሕንዱ ታሪክ ራዋና ኃይሉን የሚያገኘው ከብራህማ ነው። የማላዩ ተራኪ የሰጪውን ስም ለወጠ፤ የተባሕትዎውን ሥራ ግን አልነካም። አዲስ የጨመረው ነገር ቢኖር የፍትሕ ውል ነው። እንግዲህ ራዋና የሚጠፋው ጋኔን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን የተቀበለበትን ቃል ስላፈረሰ ነው። ይህ የውል ነገር ወደ ኋላ በምንመለከተው የነገሥታት ታሪክ ውስጥ እንደ ገና ስለሚመጣ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሙስሊም ሊቅ በዚህ አልተደሰተም። ከጉጅራት የመጣው ኑሩዲን አል ራኒሪ በ1637 ወደ አቼ መጥቶ በሱልጣኑ ዘንድ ታላቅ ሥልጣን ያገኘ የሕግ ሊቅ ነበር። ስለ አምልኮ ሕግጋት በጻፈው መጽሐፉ ሒካያት ሰሪ ራማንና ሒካያት ኢንድራፑትራን የመሰሉ መጻሕፍት የአላህ ስም ካልተጻፈባቸው ለመጸዳጃ ቢውሉ እንደማይከለከል እስከ መናገር ደርሷል። ይህ ፍርድ ምን ያህል የተናቁ እንደነበሩ ያሳያል የሚሉ አሉ። ለእኛ ግን ተቃራኒውን ያሳየናል። ማንም የማያነበውን መጽሐፍ የሚያወግዝ የለም። አል ራኒሪ ይህን ያህል የተቈጣው ድርሰቶቹ በሙስሊሙ ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደዱ ስለነበሩ ነው። ከእርሱ ውግዘት በኋላም መገልበጣቸው አልቀረም፤ ኋላም በማተሚያ ቤት ታትመዋል።

4. ስለ ንጉሥና ስለ ሕዝብ ውል

የማላይ ሥነ ጽሑፍ ራስ የሚባለው «ሱላላት አስ ሰላጢን» ወይም በተለምዶ «ሰጃራ ማላዩ» የተባለው የነገሥታት ታሪክ ነው። በ1612 በጆሆር መንግሥት እንደተዘጋጀ ይታወቃል፤ አዘጋጁም ቱን ስሪ ላናንግ እንደሆነ ይነገራል። ብራውን ይህን ቅጂ በ1952 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አሳትመውታል። መጽሐፉ የመላካን መንግሥት ከአመሠራረቱ ጀምሮ እስከ 1511 ድረስ፣ ማለትም ፖርቱጋሎች ከተማዋን እስከያዙበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ይተርካል።

የነገሥታቱ ትውልድ የሚጀምረው ከእስክንድር ዙልቀርነይን ነው። እስክንድር ወደ ሕንድ ዘምቶ ንጉሡን ድል ያደርጋል፤ በነቢዩ ኢብራሂም ሃይማኖት ያሳምነዋል፤ ልጁንም ያገባል። ከዚህ ዘር የወጡ ሦስት መሳፍንት በፓለምባንግ አጠገብ በቡኪት ሰጉንታንግ ኮረብታ ላይ ይገለጣሉ። በዚያች ሌሊት ዋን ኤምፑክና ዋን ማሊኒ የተባሉ ሁለት ሴቶች የዘሩት ሩዝ ፍሬው ወርቅ፣ ቅጠሉ ብር ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ከበሬ አፍ ከወጣ አረፋ አንድ ሰው ተፈጥሮ አዲሱን ንጉሥ ከሳንስክሪት በተውጣጣ ቃል ያወድሰዋል። በፔራክ ግዛት ሱልጣን ሲነግሥ ይህን የመሰለ የሳንስክሪት ውዳሴ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ይነበባል። አንባቢ እንደሚመለከተው፣ ዘሩ ከቁርዓን በሚታወቀው ዙልቀርነይን ቢጀምርም የንግሥናው ምልክት የተሰጠው ከሩዝ እርሻና ከተራራ ነው። የአገሩ ገበሬ ንጉሥን የሚያውቀው በእህሉ በረከት ነውና።

የእስክንድር ታሪክ በዐረብኛ በኩል ወደ ብዙ አገሮች የሄደ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በአገራችንም በግዕዝ የሚገኘው ዜና እስክንድር ከዐረብኛ የተመለሰ ሲሆን፣ እስክንድር በውስጡ እንደ ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ ይናገራል። አንዱ ጀግና በአንድ አገር ክርስቲያን፣ በሌላው የማላይ ነገሥታት አባት ሆነ። ስለዚህ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ ብቻ መጠየቅ ምርመራውን አይፈጽመውም፤ ተቀባዩ ለምን እንደፈለገው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውል የመጽሐፉ ማዕከል ነው። የአገሩ አለቃ ደማንግ ለባር ዳውን ልጁን ለአዲሱ ንጉሥ ለስሪ ትሪ ቡዋና ከመዳሩ በፊት ይዋዋላል። ሕዝቡ ቢያጠፋ፣ ጥፋቱ ምንም ታላቅ ቢሆን እንዳይዋረድና በክፉ ቃል እንዳይሰደብ፣ በሞት የሚያስቀጣ ቢሆንም በሸሪዓ ሕግ ሲፈቀድ ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። ንጉሡም በበኩሉ ነገሥታቱ ክፉዎች ቢሆኑ እንኳ ሕዝቡ እንዳይከዳቸው ይጠይቃል። አለቃውም ይስማማል፤ ነገር ግን የንጉሡ ዘሮች ውሉን አስቀድመው ካፈረሱ የእርሱም ዘሮች እንደማይጠብቁት ይናገራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በታሪኩ መሠረት እስልምና ወደ አገሩ ሳይገባ ነው፤ ሆኖም በአለቃው አፍ የሸሪዓ ሕግ ተጠቅሷል። ይህን የዘመን መዛባት የጸሐፊው ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ስሕተት አይመስለንም። ጸሐፊው አዲሱን ሕግ የአሮጌው ውል ዋስ አድርጎ ሊያቆመው ፈልጓል።

የመላካ ንጉሥ ወደ እስልምና የገባበትም ታሪክ እንዲሁ ነው። ነቢዩ መሐመድ በሕልም ተገልጠው የእምነቱን ቃል ያስተምሩታል፤ በማግስቱ ከጅዳ የሚመጣ መርከብ እንዳለም ይነግሩታል። ንጉሡ ሲነቃ ተገርዞ ይገኛል፤ መርከቡም በተባለው ሰዓት ይደርሳል፤ ሰይድ አብዱል አዚዝም በባሕሩ ዳር ይሰግዳል። ስለ ፓሳይ ንጉሥ የሚነገረውም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። የትም አገር ሰባኪ በክርክር ያሳምናል፤ በማላዩ ታሪክ ግን ሰባኪው የሚመጣው ነገሩ በንጉሡ ሕልም ካለቀ በኋላ ነው። ንጉሡ ከማንም ሰው አልተማረም፤ ስለዚህም ክብሩ አልተነካም። ከሃይማኖቱ መለወጥ ቀጥሎ መጽሐፉ የሚተርከውም ስለ መስጊድና ስለ መድረሳ አይደለም፤ ንጉሡ ስላወጣው የግቢ ሥርዓት ነው፤ ማለትም ቢጫ ልብስ ለማን እንደተፈቀደ፣ ጥላ ማን እንደሚያዝ፣ ማን በየት እንደሚቀመጥ ነው። ለጸሐፊው ሃይማኖቱና «አዳት» በአንድ ዙፋን ላይ የተቀመጡ ናቸው።

5. ስለ ክህደትና ስለ ሁለቱ ወዳጆች

በውሉ ውስጥ ሕዝቡ የተከለከለው ነገር «ደርሃካ» ይባላል፤ ንጉሥን መክዳት ማለት ነው። ቃሉ በ686 በተቀረጸው የኮታ ካፑር ድንጋይ ላይ በስሪቪጃያ ንጉሥ ላይ የሚያምፁትን ለመርገም ተጽፏል። የንጉሡ ቅዱስ ኃይል ግን «ዳውላት» ይባላል፤ ይህም ዐረብኛ ነው። ክህደት በሳንስክሪት፣ የማይነካው ሥልጣን በዐረብኛ ተሰየመ፤ ሁለቱም አንድ ነባር ሐሳብ ያገለግላሉ።

ይህ ሐሳብ በ«ሒካያት ሃንግ ቱዋህ» ውስጥ ለፈተና ቀርቧል። ሃንግ ቱዋህ ታማኝ የንጉሥ አገልጋይ ሳለ በሐሰት ተከስሶ ሞት ይፈረድበታል፤ ነገር ግን ባለ ሥልጣኑ ይደብቀዋል። ወዳጁ ሃንግ ጀባት ስለ ግፉ ተቈጥቶ በንጉሡ ላይ ያምፃል፤ ቤተ መንግሥቱንም ይይዛል። ንጉሡ ቱዋህ በሕይወት እንዳለ ሲሰማ ያስጠራውና ጀባትን እንዲገድል ያዘዋል፤ ቱዋህም ስለ እርሱ ያመፀውን ወዳጁን ይገድላል። ቱዋህ ኋላ ወደ መካ ሄዶ ሐጅ ያደርጋል፤ ሆኖም ደራሲው የእርሱን ታላቅነት የሚለካው በሐጁ ሳይሆን ለንጉሡ ባለው ታማኝነት ነው።

እኛም እዚህ ላይ መንቀፍ ያለብንን ሳንነቅፍ አናልፍም። በራማ ታሪክና በደማንግ ለባር ዳውን ውል ውስጥ ግፍ የሠራ ንጉሥ ውሉን ያፈርሳል። በሃንግ ቱዋህ ግን ንጉሡ ግፍ ሠርቶ ሳለ ቅጣቱ የወረደው ግፉን በተቃወመው ላይ ነው። ደራሲው ነባሩን ልማድ ከሁለት ከፍሎ ለንጉሡ የሚጠቅመውን ግማሽ ብቻ ወስዷል። በዚህ ረገድ ድርሰቱ የግቢ ድርሰት ነው። ቃሲም አሕመድ ገና ተማሪ ሳሉ በጻፉት ጥናት ከቱዋህ ይልቅ ጀባት የፍትሕ ጀግና መሆኑን ተከራክረዋል፤ በ1964ም ድርሰቱን ራሱን አዘጋጅተው አሳትመዋል። ኡስማን አዋንግም በ1961 ስለ ጀባት ሞት ተውኔት ጽፈዋል። እነዚህ ደራስያን አዲስ ነገር ፈጠሩ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን የተረሳውን የውሉን ግማሽ መልሰው አመጡ እንላለን።

6. ስለ ግጥም

በግጥም በኩል ነባሩ ሀብት «ፓንቱን» ነው። ፓንቱን አራት ስንኝ አለው፤ አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ጋር ቤት ይመታል። የፊተኞቹ ሁለት ስንኞች ስለ ወፍ፣ ስለ ወንዝ ወይም ስለ ዛፍ የሚናገሩ ሲሆኑ «ጥላ» ይባላሉ፤ ዋናው መልእክት በኋለኞቹ ሁለት ስንኞች ይገለጣል። በሠርግ፣ በጨዋታና በክርክር ላይ ሰዎች ተቀባብለው ይሉታል። በ2020 ዩኔስኮ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ጥያቄ ከሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አግብቶታል።

ከባሩስ የተነሣው ሱፊ ገጣሚ ሐምዛ ፋንሱሪ ዐረብኛና ፋርስኛ ለማያውቀው ሕዝብ ስለ ፈጣሪ አንድነት ሊያስተምር በተነሣ ጊዜ፣ አራት ስንኙን ጠብቆ አራቱም በአንድ ቤት እንዲመቱ አደረገ፤ ይህም «ሻዒር» የተባለው ግጥም ነው። ስሙ ዐረብኛ፣ አራት መሆኑ ግን እንደ ነባሩ ነው። ምሳሌዎቹንም ከሚያውቀው ባሕር፣ ከመርከብ፣ ከዓሣና ባሩስ ከታወቀችበት ከካፉር ዛፍ ወሰደ። አል ራኒሪ የሐምዛን ትምህርት ከሃይማኖት የወጣ ነው ብሎ መጻሕፍቱ በአቼ እንዲቃጠሉ አድርጓል፤ ግጥሞቹ ግን አልጠፉም፤ የሻዒሩም ስልት የማላይ ትረካ ዋና መንገድ ሆነ። ራጃ አሊ ሐጂ በ1847 የጻፉት የምክር ግጥም «ጉሪንዳም» የሚባለውን ከሕንድ የመጣ ስም ይዞ የእስልምናን ሥነ ምግባር ያስተምራል።

7. ልማድ ያልደረሰበት ስፍራ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለሐሳባችን የሚረዳውን ነው። የሚቃወመውንም መሸሸግ አይገባንም። ነባሩ ልማድ ምንም ያልመረጠበት የሥነ ጽሑፍ ክፍል አለ፤ ይኸውም «ኪታብ» የሚባለው የሃይማኖት ትምህርት ድርሰት ነው። የአል ነሰፊ የእምነት መግለጫ በማላይኛ ተተርጉሞ በ1590 የተገለበጠው ቅጂ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ አል አጣስም በ1988 አሳትመውታል። በዚህ ዐይነት መጽሐፍ ውስጥ የማላይኛው ዐረፍተ ነገር የዐረብኛውን ቃል በቃል ይከተላል፤ ሐሳቡም ከአገሩ ተረት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ማላዮች ስለ ባሕርይና ስለ ህላዌ በጽሑፍ የመከራከር ልማድ ቀድሞ ስላልነበራቸው እንግዳው ባዶ ክፍል አግኝቶ እንደ ፈቃዱ ገባበት። በዚህ ላይ የአል አጣስ አስተያየት ያለ ጥርጥር ትክክል ነው። የእኛም ሐሳብ በዚህ ይወሰናል፤ ነባሩ ልማድ የሚመርጠው አስቀድሞ ባለቤት በሆነበት ስፍራ ነው፤ እነዚህም ንግሥና፣ ትረካ፣ ግጥምና የዘመድ ሕግ ናቸው።

የዘመድ ሕግ ስንል የሚናንካባውን ሕዝብ እናስባለን። በምዕራብ ሱማትራና በማሌዥያው ነገሪ ሰምቢላን ግዛት የሚኖሩት እነዚህ አጥባቂ ሙስሊሞች የአባቶች ርስት የሚያወርሱት በእናት በኩል ነው። በ1803 ከመካ የተመለሱ ሐጃጆች ይህንና ሌላውንም ልማድ ለማጥፋት ተነሡ፤ የፓድሪ ጦርነት የተባለው ነገር ከዚህ ተነሣ። ሆላንዶች ከ1821 ጀምረው ገብተውበት በ1837 ቦንጆልን በያዙ ጊዜ ድል አደረጉ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ የሚናገረው ምሳሌ ልማድ በሸሪዓ ላይ፣ ሸሪዓም በአላህ መጽሐፍ ላይ እንደቆመ ይገልጣል። ርስቱ ግን በእናት በኩል መውረዱን አልተወም። ልማድ በቃሉ ዝቅ ብሎ በሥራው ጸንቶ የኖረበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

8. ክርክሩ ለምን ያስፈልጋል

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላደከመን ነበር። ነገር ግን የሰውን ኑሮ ይነካል። በከላንታን ግዛት የራማን ታሪክ በጥላ የሚያሳዩ ባለ አሻንጉሊቶችና «ማክ ዮንግ» የተባለውን በአብዛኛው ሴቶች የሚጫወቱትን ድራማ የሚያሳዩ ተዋንያን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ ኖረዋል። ተዋንያኑም ሆኑ ተመልካቾቹ ሙስሊሞች ናቸው። የማክ ዮንግ መክፈቻ ተዋናይቱ «ረባብ» ለተባለው ባለ አውታር መሣሪያ እጅ የምትነሣበት ሲሆን፣ የመሣሪያውም ስም ዐረብኛ ነው። በ1990 ሥልጣን የያዘው የግዛቱ አስተዳደር እነዚህን ትርኢቶች ከሃይማኖት ጋር የማይስማሙ ናቸው ብሎ ከለከለ፤ በ1998ም በሕግ አጸናው። ዩኔስኮ በ2005 ማክ ዮንግን ታላቅ ቅርስ ብሎ ሲሰይመው ትርኢቱ በተወለደበት አገር በአደባባይ አይታይም ነበር። በ2019 ክልከላው ከነገደቡ ተነሣ፤ ነገር ግን ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ስላለፈ፣ ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ ደቀ መዛሙርት ሳይተኩ ቀርተዋል።

ክልከላው የተመሠረተው እንደ ዊንስቴት ባለ አስተያየት ላይ ነው ብንል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። ዊንስቴት ራማ የሂንዱ ቅሪት ነው አሉ፤ ከልካዩም ይህንኑ ተቀብሎ፣ ቅሪት ከሆነ ይወገድ አለ። አንደኛው ቅሪቱን ወደደው፤ ሌላው ጠላው፤ ሁለቱም ግን የማላዩን ሙስሊም የራሱ ድርሰት ባለቤት አድርገው አልቈጠሩትም። ነቢዩ አደም ለራዋና ሲለምኑ የሚያሳየው ታሪክ የማን ነው? ሂንዱ እንዲህ ብሎ አልጻፈም፤ ዐረብም አልጻፈም። የጻፈው ማላይ ነው።

የሰጃራ ማላዩ ጸሐፊ በ1511 ፖርቱጋሎች መላካን ከመውጋታቸው በፊት በነበረችው ሌሊት ስለሆነው ነገር ይተርካል። ለጥበቃ የቆሙት ወጣቶች ዝም ብለው ከሚያድሩ የጦርነት ታሪክ ቢሰሙ እንደሚሻል ተነጋግረው የመሐመድ ሐነፊያን ሒካያት ከሱልጣኑ ይለምናሉ። ሱልጣኑም እንደ ሐነፊያ ጀግኖች መሆናቸውን ተጠራጥሮ የአሚር ሐምዛን ሒካያት ይልክላቸዋል፤ እነርሱም ቅር ይላቸዋል፤ በመጨረሻ የጠየቁትን ይሰጣቸዋል። ሁለቱም ታሪኮች ከፋርስ የመጡ የሙስሊም ጀግኖች ታሪኮች ናቸው። ለውጊያ በሚያድሩበት ሌሊት ተሰብስቦ ትረካ መስማትና ከጀግና ታሪክ ድፍረትን መቀበል ግን ፋርስ ያስተማራቸው አይደለም። መጽሐፉ እንግዳ ነው፤ አድማጮቹ ግን በየትኛው መጽሐፍ እንደሚበረቱ ያውቁ ነበር፤ ከንጉሣቸውም ጋር ስለ እርሱ ተከራከሩ። እኛም ነባሩ ልማድ መራጭ ነው ስንል ማለት የፈለግነው ይህንን ነው።